ዘጠነኛው ቃለ መጠይቅ

በ1964 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ዱመርሶ በሚባል የገጠር መንደር ስምንት ገበሬዎችን አነጋገርኩ። ረጅሙ ንግግር አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ፣ አጭሩ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። የቴፑን ክር መልሼ ሳዳምጥ በስምንቱም ላይ ብዙ ያወራሁት እኔ ነበርኩ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አሜሪካ ተቀምጬ የተማርኩት ማዳመጥን ነው።

ትምህርቱ ሰብአዊ ሥነ ልቦና ይባላል። ለማስተርስ የምንማረው ሰባት ተማሪዎች ነበርን። አንዳችን ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ክፍል ውስጥ ስንቀመጥ መምህራኑ ከመስታወት ጀርባ ሆነው የምንናገረውን እያንዳንዱን ቃል ይመዘግባሉ። ሰውየውን አትመክረውም፣ አትፈርድበትም፣ አታቋርጠውም። የነገረህን ከነስሜቱ በራስህ አፍ መልሰህ ታሰማዋለህ፤ ከዚያ በትክክል ተረድተኸው እንደሆነ ትጠይቀዋለህ። ሰው ሳይፈረድበት ከተደመጠ ከራሱ ጋር ይታረቃል የሚል እምነት ነው። እኔም አምኜበት ነበር። ይህ ዘዴ እንዲህ ያለ ክፍል አይተው በማያውቁ ገበሬዎች ዘንድ ይሠራ እንደሆነ ለመመርመር ቴፕ መቅረጫዬን ይዤ ወደ ተወለድኩበት ዲላ ተመለስኩ። አማካሪዬ በመጨረሻው ደብዳቤው፣ አሥር ሰው ባታገኝ አንድ ሰው በጥልቀት ይበቃሃል፣ ግን እስከ ጥር መጨረሻ አንድ እውነተኛ ንግግር ካልላክህ ምዝገባህ ይሰረዛል ብሎ ጽፎልኛል።

አስተርጓሚዬ ደበበ ነበር። አራተኛ ክፍል ድረስ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። አሁን በዱመርሶ የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ጌዴኦ ነው፤ አውራጃው በመንግሥት መዝገብ ደራሳ ቢባልም እሱ ይህን ስም በፊቱ የሚጠራ ሰው አይወድም።

ስምንተኛው ተጠያቂ ታረቀኝ የሚባል ሰው ነበር። ቡና ከሚያሰጣበት አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥን።

«ዘንድሮ ቡናው ደህና ነው» አለ።

«ዘንድሮ በቡናው ደስ ብሎዎታል» አልኩት። «በትክክል ተረድቼዎታለሁ?»

ታረቀኝ እኔን ትቶ ደበበን አየ፤ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገረ። ደበበ ሳቀ።

«ምን አለ?»

«‹ምን አጠፋሁ?› ነው የሚለው።»

ወደ መኪናው መንገድ ስንመለስ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አስቀረው። ደበበ ቆሞ ሳወጣው አየ፤ አላገዘኝም።

«አሜሪካ ድረስ ሄደህ ዝም ማለት ተማርክ?» አለኝ። «እኛ እኮ ያለ ትምህርት ቤት ነው የቻልነው።»

«ለምንድነው የማይናገሩት?»

«አባትህ ነዋ።»

አባቴ ተክለማርያም የባለርስቶች ጸሐፊ ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራውን አውቃለሁ፤ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም።

«እዚያ ሾላው ሥር ጠረጴዛ ይዘረጋለታል» አለ ደበበ። «ገበሬው ይናገራል። አባትህ አይቆጣም፣ አይጮህም፤ እንዲያውም ትሁት ነበር። ሰውየው ሲጨርስ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ልክ አንተ እንደምታደርገው። ‹እንግዲህ ያልከው እንዲህ እንዲህ ነው። ልክ ነኝ?› ይላል። አዎ ያለ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ያትማል። ተነሥቶ ሲሄድ ጭሰኛ ሆኗል።»

«ይህን ከመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ስምንት ጊዜ ሲያቅትህ ማየት ፈልጌ።»

ተናደድኩ። ግን የሰለጠነ ሰው ስለሆንኩ ንዴቴን ለይቼ አወቅሁትና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «የጥናቱ ውስንነቶች» ከሚለው ርዕስ ሥር ሦስት መስመር ጻፍኩ። ጥናቱን ማቆም የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም።

በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቴፑን ሳስተካክል አንዲት ሴት ሳታንኳኳ ገባች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር።

«የጸሐፊው ልጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ይቀመጡ።»

«ሙሉካ እባላለሁ። ግራዝማች ገበየሁ የከሰሱኝ ሴት እኔ ነኝ።»

አውቃታለሁ፤ በስም። ግራዝማች ገበየሁ የአክስቴ ባል ናቸው፤ ዲላ የማርፈው እሳቸው ቤት ነው። ሙሉካ የምትኖርበት መሬት በቃላድ፣ በመሬት መለኪያው ገመድ፣ ለአባታቸው የተለካ ነው፣ ቡናውንም አባታቸው ናቸው ያስተከሉት ብለው ሊያስለቅቋት ከከሰሷት አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ የባሏ አባት በእጁ የተከለው ቡና ነው ብላ ምላለች። ዳኛው ክርክሩን ወደ አንድ ጥያቄ አጥብበውታል፤ ቡናውን የተከለው ማነው? ይህን ሁሉ በምሳ ሰዓት ከግራዝማች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ በምርምሬ የማንንም ወገን ስለማልይዝ አይመለከተኝም ብዬ አልፌዋለሁ።

«ምን ልርዳዎት?» አልኳት።

«ለምን እርስዎ ትለኛለህ? ከእናንተ ቤት ማነው እርስዎ ብሎኝ የሚያውቀው? ምን ልትወስድ ነው?»

«እርስዎ ማለቴ አሳስቦዎታል።»

«ያሳስበኛል! ቤቴን ትወስዳለህ፣ እርስዎ ትለኛለህ። አንዱን ተው!»

ቴፑን ከፈትኩ። ሲዞር አየችው፤ ምን እንደሆነም ነገርኳት። «ይዙር» አለች። «ስድቤን ይዞ አገሩ ይግባ።»

ለሃያ ሁለት ደቂቃ ሰደበችኝ። አባቴን፣ ግራዝማችን፣ ቃላድ የጣሉትን ሰዎች፣ በ52ቱ የጭሰኞች ግርግር የሞተውን የባሏን አስከሬን ለመስጠት ያንገራገሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች ሰደበች። አማርኛዋ አልፎ አልፎ ይሰናከላል፤ ስድቡ ግን አንድም ጊዜ አልተሰናከለም። እኔ አልተከላከልኩም። የምትለውን መልሼ አሰማኋት። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟት አያውቅም፤ የምትመታው ግድግዳ ስታጣ ወደ ፊት መውደቅ ጀመረች። ይህንን ያኔ በማስታወሻዬ «ግልጽነት እየጨመረ ነው» ብዬ ጻፍኩት።

ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ድምጿ ዝቅ አለ።

«የባሌ አባት የቡሌ ሰው ነው» አለች። «ረሃብ ሆኖ ከደጋው ወረደ። እዚህ ሲደርስ ቡናው ቆሞ ነበር፤ ፍሬ ይዞ። እንሰቱም ነበር። የቤቱ ሰው በፈንጣጣ አልቋል። አንድ ሰው አልቀረም። የባሌ አባት ቀበራቸው፤ ከዚያ ገባ። የግራዝማች አባት ያን ጊዜ ይህን አገር በዓይኑ አላየውም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ባሌ ‹ለማንም አትንገሪ› ብሎኛል። እኔ ለልጆቼ ብዬ መጽሐፍ ይዤ ማልኩ፤ የባሌ አባት ተከለ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎት ቤት ሰው ሲዘምር አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፅ አይወጣም። አጠገቤ የምትቆመው ጸሐይ ‹ምነው አንቺ?› ትለኛለች። ጉሮሮዬን አመመኝ እላታለሁ። አራት ዓመት ጉሮሮ ያማል?»

ሁለት ዓመት የተማርኩለት ቅጽበት ይህ ነበር። በቀስታ እንዲህ አልኳት፦

«ቡናውን የባልዎ አባት አልተከሉትም። ልጆችዎ ከመሬቱ እንዳይነቀሉ በሐሰት ማሉ። ያ መሐላ ከሚያምኑት አምላክ ለይቶዎታል። በትክክል ተረድቼዎታለሁ?»

«አዎ» አለች።

ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ድምፅ የለም። በእነዚያ አሥራ አንድ ሰከንዶች አንገቴን አየች። ዘንበል ብሏል።

«አውጣልኝ» አለች ተነሥታ።

«ምኑን?»

«ቃሌን። ከዚያ ውስጥ አውጣው።»

«ማንም አይሰማውም። ስምዎንም አልጽፍም። የሙያው ሕግ ነው።»

«የአባትህም ወረቀት ሕግ ነበር!»

ቴፑን ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ አነሣሁት። ደበበ ድምፅ ሰምቶ ሲገባ ሙሉካ በጌዴኦኛ ጮኸችበት። እሱም መለሰላት፤ ክንዷን ይዞ አስወጣት። ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ብላህ ነው?»

«ልነግርህ አልችልም።»

«ደግ። አጥፋው።»

እዚያው ላጠፋው እችል ነበር። አላጠፋሁትም። ምክንያቱ ከባድ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የቀዳሁት አርባ አንድ ደቂቃ በትምህርት ክፍላችን ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግራዝማች ቤት፣ በእንግዳ ማረፊያዋ ክፍል፣ ንግግሩን ወደ ወረቀት መገልበጥ ጀመርኩ። ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ትንፋሽና ዝምታ በሰከንድ ይለካል። «ቡናው ቆሞ ነበር» የሚለውን ለማስተካከል ሰባት ጊዜ መልሼ አሰማሁት። ክፍሏ ከበረንዳው የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በረንዳው ላይ ግራዝማች ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። ይህንንም አውቅ ነበር።

ስምንተኛ ጊዜ ሳሰማው በሩ ተከፈተ።

«ተባረክ ልጄ!» አሉ ግራዝማች። ፊታቸው በርቷል። «እኔ እኮ ሰው አስቀምጦ ሲያስለፈልፍ የሚውል ሥራ ፈት ነው ብዬህ ነበር። ረቡዕ ቀጠሮ ነው። ይህን ዕቃ ይዘህ ትመጣለህ።»

«አልችልም፣ ጋሼ። የነገረችኝ በምስጢር ነው።»

«ምስጢር? ቄስ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድነህ?»

«ተማሪ ነኝ።»

«ተማሪ ምን ምስጢር አለው? ተማሪ ያለው ፈተና ነው።»

አክስቴ አሰፋች ከኋላቸው ብቅ አለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። «ሠረቀብርሃን» አለችኝ፣ «እሳቸው ዋስ ባይሆኑህ ያንን ፓስፖርት ማን ይሰጥህ ነበር? ደግሞ ለመመለሻው ማን ይፈርምልሃል? ለአንዲት ጭሰኛ ብለህ ነው?»

«የማንም ወገን አልይዝም» አልኩ።

«ወገን መች ያዝ አልኩህ?» አሉ ግራዝማች። «የሰማኸውን ተናገር ነው ያልኩህ። እውነቱን። ትምህርትህ ውሸት ነው እንዴ የሚያስተምረው?»

ትምህርቴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አዳማጩ ራሱ እውነተኛ እንዲሆን ነው፤ ለራሱም ለሌላውም እንዳያስመስል። ሙሉካ የነገረችኝ እውነት ነው። ግራዝማች ያሉት ደግሞ ሐሰት ነው፤ አባታቸው ቡናውን አላስተከሉም። ግን ስለ አባታቸው ማንም አልተጠየቀም። የተጠየቀው የእሷ መሐላ ነው። መሐላዋ ከወደቀ መሬቱ ይሄዳል።

እሑድ የቤቱ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የእሷን ድምፅ እንዲያጠፋው በክሩ ላይ የባዶውን ክፍል ድምፅ ቀዳሁበት። አርባ አንድ ደቂቃ ተቀመጥኩ። የገለበጥኳቸውን አሥራ ሁለት ገጾች ቀዳድጄ መጸዳጃው ጉድጓድ ጨመርኳቸው። በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጊዜ ቁልፉን ለመጫን እጄን ዘርግቻለሁ፤ የቀረውን አሥራ አንድ ደቂቃ ለማዳን።

ግራዝማች ሲሰሙ አልተቆጡም። «ክሩን አጠፋህ» አሉ፣ «ጆሮህን ግን አላጠፋኸውም።» ሰኞ ጠዋት የምስክርነት መጥሪያ ደረሰኝ። አብሮም እንዲህ ነገሩኝ፤ ረቡዕ እውነቱን ከተናገርኩ ሐሙስ ለመውጫ ፈቃዴ ይፈርማሉ፤ ካልተናገርኩ የቀድሞውንም ዋስትና ያነሣሉ።

ማክሰኞ ደበበ ዲላ ወጥቶ ነበር። ክሩን እንዳጠፋሁት ለሙሉካ እንዲነግራት ለመንኩት።

«ነግሬያታለሁ፤ ግራዝማች ሲያማርሩ ታረቀኝ ትናንት ገበያ ላይ ሰምቶ ነግሮኝ» አለ። «ሳቀች።»

«አላመነችም?»

«አንተ ብትሆን ታምናለህ?»

ረቡዕ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከዱመርሶ ወደ ሃያ ሰው መጥቷል፤ ከአጎራባቹ አሪቻም ጥቂት። ሙሉካ ነጭ ነጠላ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔን አላየችኝም። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጄን አስጭነው አስማሉኝ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህች ሴት ቡናውን የተከለው ማነው አለችህ?»

አፌ ከሐሳቤ ቀደመኝ።

«ጌታዬ፣ ቡናውን ማን እንደተከለው የነገረችኝን ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

«እኔ የምፈልገውን እኔ አውቀዋለሁ! አንተ የምታውቀውን ተናገር።»

ግራዝማች በግራዬ ቆመዋል። ሙሉካ አሁን አየችኝ። ፊቷ ላይ ልመና ፈለግኩ፤ አልነበረም። የነበረው ጥላቻ ነው፣ ጥርት ያለ፤ አባቴን ታይበት የነበረው ዓይን መሆን አለበት።

«‹የባሌ አባት በእጁ ተከለው› ነው ያለችኝ» አልኩ።

«ውሸታም!» አሉ ግራዝማች። «ጌታዬ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ! በእሱ ዕቃ ውስጥ ሆና ስትናዘዝ!»

ዳኛው ዕቃው እንዲመጣ አዘዙ። ፖሊስ ከቤት አመጣው። ቴፑ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ተከፈተ። ችሎቱ በሙሉ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። የወንበር ሲጥጥታ ተሰማ፤ ርቆ የሚጮህ ዶሮ፤ የእኔ ሳል። ዳኛው አራት ደቂቃ ታገሡ።

«ግራዝማች፣ የሚናዘዘው ዶሮው ነው?» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ፍርዱ ተነበበ። ከሳሽ በማስረጃ አላስረዱም፤ ተከሳሿ በይዞታዋ ትቆይ። የዱመርሶ ሰዎች እልል አላሉም። ተነሥተው ወጡ፤ ሲወጡ አንዳቸውም በእኔ በኩል አላለፉም። ግራዝማች አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ሻንጣህ በር ላይ ይጠብቅሃል» አሉኝ። «ዋስትናውን ዛሬውኑ አነሣለሁ። አባትህ በቁሙ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሞት ነበር።»

ሙሉካ ከግቢው አጥር ውጭ፣ ከሰዎቿ ተለይታ ቆማ ነበር። እኔን እየጠበቀች መሆኗን ሳውቅ ፈጥኜ ሄድኩ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

«ዓይንህ እንኳ አልተነቃነቀም» አለችኝ። «እኔ ስምል እጄ ተንቀጥቅጧል። አንተ እንደ ድንጋይ። ይህንንም እዚያው ነው የተማርከው?»

«መሬትዎን እንዳያጡ ብዬ ነው።»

«ለመንኩህ?»

«አልለመኑኝም።»

«እኔን የሚያውቀኝ እግዚአብሔር ብቻ ነበር። አሁን አንተም አለህ። ዛሬ ለእኔ ዋሸህ። ነገ አክስትህ ታለቅሳለች፣ ትታረቃላችሁ፣ ያን ጊዜ እውነቱን ትናገራለህ። ዳኛውም ይግባኙም አይሞቱም።»

«አልናገርም።»

«ማንም አይሰማውም ብለኸኝ አልነበረም?»

የሰማው ሰው አለ፤ በእኔ ምክንያት።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አለች። «ባሕር ማዶ።»

«አልሄድም። ዋስ የለኝም። ትምህርቱም ቀርቷል፤ የምልከው ነገር የለም።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። በመላው ጥናቴ ካየኋቸው ለውጦች ግልጹ ይህ ነበር፤ ፍርሃት ነው። እስካሁን ተስፋዋ እኔ ከአገር መውጣቴ ነበር። እዚሁ ዲላ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ መንገድ፣ ዕድሜ ልኳን ከእኔ ጋር ልትኖር ነው።

«ዱመርሶ እንዳትመጣ» አለች። «ሾላው ሥር ባይህ ልጆቼን እጠራለሁ።»

ያስተማሩኝን አልኩ።

«አሁን ምን ይሰማዎታል?»

«እግሬን ያመኛል» አለች። «ከዱመርሶ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ በእግሬ ነው የምመለሰው። ሂድ።»

እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ግራዝማች ቤት ወይስ ወደ ዱመርሶ መንገድ እንደምዞር ለማየት ቆማ ጠበቀች። ሻንጣዬ ወዳለበት ወደ ግራ ሄድኩ።